«ማንም እንዳያስታችሁ»፦ ስለ መጨረሻው ዘመን ማሳት ክርስትና የሚያስተምረው ምንድነው?

መስከረም 2018 ላይ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ በእኩለ ሌሊት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ማክሰኞ ነው አሉ። እውነት ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ሰባኪ «ኢየሱስ ተገልጦልኝ ነገረኝ፤ አማኞች መስከረም 13 ወይም 14 ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ» ብሎ ተናግሮ ነበር። እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 23 እና 24፣ 2025 መሆኑ ነው። ቲክቶክ ያንን ቪዲዮ እየቆራረጠ ዓለምን አዳረሰው። ሥራ ለቀቅን፣ መኪናችንን ሸጥን የሚሉ ሰዎች ሳይቀሩ እየወጡ ይመሰክሩ ነበር። እሷም ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ፣ ማታ ስልኳን ይዛ ጋደም ስትል ይህ ሁሉ ፊቷ ላይ ተደረደረ።

የደወለችው ግን ለሌላ ነገር ነው። «የዚህን ወር እቁብ ልክፈል ወይስ ልተወው?» እቁቡ የእናቷን ቤት ጣራ ለማስቀየር የጀመረችው ነው።

ይህን ጥያቄ የናቅሁት እንዳይመስላችሁ። ሞኝ ስለሆነች አይደለም የጠየቀችው። የምታምን ስለሆነች ነው። ክርስቶስ ይመጣል ብላ ከልቧ ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ። ችግሩ ያለው ይህንን እውነተኛ እምነት ይዞ ወደ ሌላ መንገድ የሚነዳ ሰው ሲመጣ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

«ማሳት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «መንገድ ሳተ» እንላለን። ሐዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪክ ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ከመንገድ ማውጣት፣ ማንከራተት። «ፕላኔት» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ሥር የመጣ ነው። የጥንት ሰዎች ፕላኔቶችን ሲያዩ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት በቦታቸው አይረጉም ብለው «ተንከራታቾች» አሏቸው።

ስለዚህ ማሳት ማለት አንድን ሰው «እምነትህን ጣል» ብሎ በግልጽ መከራከር አይደለም። እሱ ክህደት ነው፤ ሌላ ነገር ነው። የሳተ ሰው እየሄደ ነው፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስለዋል፤ እንዲያውም ከሌላው ፈጠን ብሎ ይራመዳል። ለዚህ ነው ማሳት አማኙን እንጂ የማያምነውን ብዙ የማያጠቃው።

ኢየሱስ ስለዚህ ምን አለ?

ዋናው ቦታ ማቴዎስ 24 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ለብቻቸው ቀርበው ጠየቁት፦ ይህ መቼ ይሆናል? ምልክቱስ ምንድነው? እሱ ግን ለ«መቼ» ቀን አልሰጣቸውም። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ማንም እንዳያስታችሁ ተጠንቀቁ» የሚል ነው።

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጦርነት፣ ረሃብ፣ የምድር መናወጥ ሁሉ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለነሱም ሲናገር «አትደንግጡ» አለ፤ «መጨረሻው ገና ነው» አለ፤ «የምጥ ጣር መጀመሪያ ናቸው» አለ። እኛ ግን አንድ ቦታ መሬት ሲንቀጠቀጥ ወይም ጦርነት ሲነሣ «አለቀ በቃ» የሚል ድምፅ በየግሩፑ እንለቃለን። እሱ አትደንግጡ ያለበትን ቦታ ለማስደንገጫ መጠቀም ማለት ነው።

ሉቃስ 21 ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኢየሱስ ስለሚያስቱት ሲናገር «እኔ ነኝ» የሚሉትን ብቻ አልጠቀሰም፤ «ዘመኑም ቀርቦአል» እያሉ የሚመጡትንም አብሮ ጠቀሰና «እነርሱንም ተከትላችሁ አትሂዱ» አለ።

ይህ የሚሆነው በመጨረሻ ብቻ ነው ወይስ ያኔም ነበር?

ያኔም ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ቴዎዳስ የሚባል ሰው 400 ያህል ሰዎች አስከትሎ እንደጠፋ ተጽፏል። ምዕራፍ 21 ላይ የሮማው ሻለቃ ጳውሎስን ሲይዘው «አንተ ያ 4000 ነፍሰ ገዳዮች ወደ በረሃ ያስወጣኸው ግብፃዊ አይደለህምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ኢየሱስ «በበረሀ ነው ቢሉአችሁ አትውጡ» ሲል ዝም ብሎ ምሳሌ አልነበረም ማለት ነው። ሰዎች በእውን እየወጡ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው እ.ኤ.አ በ70 ኢየሩሳሌም ስትቃጠል የሆነው ነው። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ብለን የምናውቀው ዮሴፈስ እንደጻፈው፣ አንድ ሐሰተኛ ነቢይ «ወደ መቅደሱ ውጡ፣ የመዳን ምልክት ታያላችሁ» ብሎ በዚያው ቀን ሕዝቡን ሰበከ። ወደ 6000 የሚጠጋ ሰው፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ተጠልሎ እዚያው በእሳት አለቀ።

ሐሳዊ መሲሕ አንድ ሰው ነው?

ሐሳዊ ግእዝ ነው፤ ሐሰተኛ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስም ከዮሐንስ ራእይ ጋር ያያይዘዋል። የሚገርመው ግን ሐሳዊ መሲሕ የምንለው «የክርስቶስ ተቃዋሚ» የሚለው ቃል ራእይ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ያለው በዮሐንስ የመጀመሪያውና የሁለተኛው መልእክት ብቻ ነው። እዚያም ዮሐንስ አንድ እንደሚመጣ ሰምታችኋል ካለ በኋላ «አሁን እንኳ ብዙዎች የክርስቶስ ተቃዋሚዎች ተነሥተዋል» ይላል። በግሪኩ «አንቲ» ማለት «ተቃራኒ» ብቻ ሳይሆን «በምትክ» ማለትም ነው። የክርስቶስን ቦታ የሚወስድ። ይህ ነገሩን በጣም ይቀይረዋል፤ ምክንያቱም ቀንድ ያለው ጭራቅ ብቻ ስንጠብቅ፣ ቀስ ብሎ በክርስቶስ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ልናልፈው እንችላለን።

ጳውሎስ ደግሞ በሁለተኛ ተሰሎንቄ 2 ላይ «የዓመፅ ሰው» ስለሚለው አንድ አካል ይናገራል። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱንም አብረው ይይዛሉ፦ በመጨረሻ አንድ ዋና አሳች ይመጣል፤ እስከዚያው ግን ትንንሾቹ በየዘመኑ አሉ።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ «ንጥቀት» የሚባለው፣ አማኞች ከታላቁ መከራ በፊት በድንገት ይወሰዳሉ የሚለው ትምህርት፣ በብዙ ወንጌላውያን ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ ከ1830ዎቹ ጀምሮ በጆን ኔልሰን ዳርቢ በኩል ነው። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ግን ሁሉም ዓይን የሚያየው አንድ ምጽአት እንጂ ሁለት ዙር የለም ይላሉ። በዚህ ላይ መከራከር ይቻላል። ቀኑን ማንም እንደማያውቅ ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ማቴዎስ 24፥36 የሰማይ መላእክትን እንኳ ከሚያውቁት አውጥቷቸዋልና።

666ስ? ፋይዳ መታወቂያ፣ ክትባት፣ ባርኮድ?

ይህ በጣም የምጠየቀው ጥያቄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልሰው።

ራእይ 13 አውሬው በቀኝ እጅ ወይም በግንባር ላይ ምልክት እንደሚያደርግ፣ ያ ምልክት የሌለውም መግዛትና መሸጥ እንደማይችል ይናገራል። ቁጥሩ 666 ነው፤ «የሰው ቁጥር ነውና» ይላል። በዚያ ዘመን ፊደል ቁጥርም ነበር። እኛ አገር ኮከብ የሚቆጥሩ ሰዎች ስምን ከእናት ስም ጋር በፊደል እንደሚያሰሉት ማለት ነው። «ኔሮን ቄሣር» የሚለው በዕብራይስጥ ፊደል ሲሰላ 666 ይሆናል። ኔሮ እ.ኤ.አ ከ54 እስከ 68 የገዛ፣ ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ነው። አንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች 666 በማለት ፈንታ 616 ይላሉ፤ የኔሮን ስም በላቲን አጻጻፍ ስታሰላው ደግሞ 616 ይመጣል። ብዙ ሊቃውንት ወደ ኔሮ የሚያዘነብሉት ለዚህ ነው። ቅዱስ ሄሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ስለ ሁለቱም ቁጥር ያውቅ ነበር፤ 666 ትክክለኛው ነው ብሎ፣ ስም እየገመቱ መወሰን ግን አደገኛ እንደሆነ አስጠነቀቀ። ከ1800 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው፤ እኛ አሁንም እንገምታለን።

ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተነበበው እ.ኤ.አ በ1974 ኦሃዮ ውስጥ፣ አንድ ፓኬት ማስቲካ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ 666 ተባለ። ከዚያ የባንክ ካርድ፣ ከዚያ የኮቪድ ክትባት፣ አሁን ደግሞ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ስለሚወስድ ፋይዳ። ስለ ግል መረጃ አያያዝ መጨነቅ ተገቢ ነው፤ መንግሥትን መጠየቅም ተገቢ ነው። እሱ የዜግነት ጥያቄ ነው። የራእይ መጽሐፍ ግን ምልክቱን ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር አያይዞ ነው የሚጠቅሰው፤ ከስግደት ጋር። ራእይ 14፥9 ለአውሬውና ለምስሉ ስለሚሰግድ፣ ምልክቱንም ስለሚቀበል ሰው ይናገራል። ሳታውቀው ክንድህ ላይ በመርፌ የሚገባ ነገር አይደለም። የማን ነኝ የሚል መልስ ነው።

ቀጥሎ ያለውንም አንብቡት። ምዕራፍ 14 ሲጀምር ሌሎች ሰዎች ግንባራቸው ላይ የበጉና የአባቱ ስም ተጽፎ ይታያሉ። ያንን ማንም ማይክሮቺፕ ነው ብሎ አያውቅም። በሰሜኑ ያሉ እናቶቻችን ግንባራቸው ላይ የተነቀሱትን መስቀል አስታውሱ። ስታያት የማን እንደሆነች ታውቃለህ።

ቀን የቆጠሩት ምን ሆኑ?

ዊልያም ሚለር የኒው ዮርክ ገበሬ ነበር። ቅን ሰው ነበር፤ ለገንዘብ ብሎ አልጀመረውም። ዳንኤል 8፥14 ላይ ያለውን 2300 ቀን እንደ ዓመት ቆጥሮ ክርስቶስ እ.ኤ.አ 1843 አካባቢ ይመጣል አለ። ጊዜው አለፈ። አንድ ተከታዩ ስሌቱን አስተካክሎ ቀን ቆረጠ፦ ኦክቶበር 22፣ 1844። እሱም ማክሰኞ ነበር። ሚለር መጀመሪያ አመነታ፣ በመጨረሻ ተቀበለ። እርሻቸውን ሳያጭዱ የተዉ ሰዎች ነበሩ። ሌሊቱ ነጋ። ሲያለቅሱ ያደሩ ሰዎች በኋላ የጻፉትን ሳነብ ልሳለቅ አልችልም፤ እውነተኛ እንባ ነው።

ሃሮልድ ካምፒንግ የካሊፎርኒያ ሬዲዮ ሰባኪ ነበር። መጀመሪያ እ.ኤ.አ 1994 አለ። ቀጥሎ ሜይ 21፣ 2011 አለ፤ አሜሪካ በሙሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተሞላ። አንድ የኒው ዮርክ ጡረተኛ ያጠራቀመውን 140 ሺህ ዶላር ለማስታወቂያው አወጣ። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ኦክቶበር 21 ተገፋ። ያም አለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ካምፒንግ ቀን መቁረጡ ኃጢአት እንደነበር፣ «ያችን ቀን የሚያውቅ የለም» ይሉት የነበሩት ትክክል እንደነበሩ በደብዳቤ አመነ። ይህን ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። የጡረተኛው ገንዘብ ግን አልተመለሰም።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ኬንያ አለች። ሚያዝያ 2015፣ ከማሊንዲ ከተማ ወደ ውስጥ ባለው ሻካሆላ በሚባል ጫካ ፖሊስ መቆፈር ጀመረ። ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። መርማሪዎች እንደሚሉት ሰባኪው ፖል ማኬንዚ ዓለም ሊያልቅ ነውና ኢየሱስን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ ብሎ አስተምሯል። እሱ ክሱን አልተቀበለም።

እዚህ ላይ የሚያስፈራኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ልጁን ምግብ አይከለክልም። መጀመሪያ ትምህርት ቤት የሰይጣን ነው ተባሉ፤ ልጆቻቸውን አስወጡ። ሐኪም ቤት አትሂዱ ተባሉ። የመንግሥት ዲጂታል መታወቂያ የአውሬው ምልክት ነው ተባሉ። ቤታቸውን ሸጠው ከከተማ ወደ ጫካ ገቡ። ጎረቤት የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ነርስ የለም፣ አያት የለም። «ልጁ ምን ሆኖ ነው የከሳው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ቀድሞ ተወግዷል። ጾሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድስ? «ስምንተኛው ሺህ» ገና ነው ወይስ ገብቷል?

እንግዳ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ!» እንላለን። በቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ 2018ን ስትደምር 7518 ይሆናል። ሰባተኛው ሺህ ያለቀው በ1500 ዓ.ም ነበር ማለት ነው። ስምንተኛው ሺህ ውስጥ ከገባን ከ500 ዓመት በላይ ሆኖናል። ከግራኝ ጦርነት በፊት፣ ከጎንደር ግንብ በፊት። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰዎች ተዳሩ፣ ወለዱ፣ ቤተ ክርስቲያን አነጹ፣ ዛፍ ተከሉ። ጥሩ አደረጉ።

«ኤልያስ መጥቷል፣ በስውር አለ» የሚሉ ሰዎችም በእኛው ዘመን ተነሥተዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን አውግዛለች። «በእልፍኝ ነው ቢሉአችሁ አትመኑ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። በስውር ያለ፣ ለጥቂቶች ብቻ የታየ፣ ሌላው ሊያረጋግጠው የማይችል።

ማሳት እንዴት ነው የሚሠራው?

እናቴ ቅቤ ስትገዛ አብሬያት እሄድ ነበር። ሴትየዋ ቅጠል ላይ ያለውን ቅቤ ገለጥ ታደርጋለች። እናቴ ወዲያው ዋጋ አትጠይቅም። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታየዋለች። ታሸተዋለች። ጥቂት ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ ትቀባና ዝም ብላ ትጠብቃለች። ነጋዴዋ «እትዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ በይ» ካለቻት እናቴ ቅቤውን ትመልሳለች። ሙዝ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሙዝ ብቻውን ቅቤ ነው ብሎ የሚሸጥ የለም። አብዛኛው እውነተኛ ቅቤ ነው። የሚሸጠውም ለዚህ ነው።

ማሳትም እንዲሁ ነው። ጥቅሱ እውነተኛ ነው። መዝሙሩ ልብ ይነካል። ጾሙ እውነተኛ ጾም ነው። እዚያ ውስጥ አንድ የተቀላቀለ ነገር አለ፤ እሱም በችኮላ እንድትውጠው ይፈለጋል። «ዛሬ ካልወሰንክ!» «ይህን ለ20 ሰው ካላስተላለፍክ መቅሠፍት ይደርስብሃል!» ዘር ዝሩ ተብሎ የሚላክ የባንክ ቁጥርም አለ፤ ዓለም ነገ የምታልቅ ከሆነ ለሰባኪው ገንዘብ ምን ያደርግለታል ብሎ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ቀጥሎ «ይህ ለናንተ ብቻ ነው የተገለጠው፤ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ባልሽም አይገባቸውም» ይመጣል። ይህንን ስትሰሙ በጣም ተጠንቀቁ። ከሚጠይቅላችሁ ሰው እየለዩዋችሁ ነው።

ቀኑ ሲያልፍ ሰዎች ለምን አይተዉም? ቤቱን የሸጠ ሰው «ተሳስቻለሁ» ማለት ቤቱን ሁለተኛ መሸጥ ይሆንበታል። አዲስ ቀን መቀበል ይቀለዋል። በዚህ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ በቦታው መሆን ግን ከባድ ነው።

ተአምር በዓይኔ ካየሁስ?

ኢየሱስ ሐሰተኞች «ታላላቅ ምልክትና ድንቅ ያሳያሉ» ብሏል። ስለዚህ ተአምር መታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ዘዳግም 13 ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ነቢዩ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ከእግዚአብሔር የሚያርቅህ ከሆነ አትስማው ይላል። ስልክ ቁጥርህን ቢነግርህም፣ የእናትህን ስም ቢጠራም። ጥያቄው «እንዴት አወቀ?» ሳይሆን «ወዴት እየወሰደኝ ነው?» የሚለው ነው።

መመርመር ደግሞ አለማመን አይደለም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ራሱ ቆሞ ሲሰብክላቸው «ነገሩ እንደዚሁ ይሆንን?» እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ተመሰገኑበት እንጂ አልተወቀሱም። ስትጠይቀው የሚቆጣ፣ የሚረግም፣ «የቀባኝን ትዳፈራለህ?» የሚል አገልጋይ ግን የቤርያ ሰዎች ቢመጡበት ምን ይላቸው ነበር?

ታማኝ ሆኖ መቆየት ማለት ታዲያ ምንድነው?

ማቴዎስ 24 ላይ «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» የሚለው የታወቀ ነው። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን ይዘለላል። «ከዓመፃም ብዛት የተነሣ የብዙ ሰዎች ፍቅር ትቀዘቅዛለች» ይላል። መጽናት የተባለው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ፍቅር ሲቀዘቅዝ አለመቀዝቀዝ ነው ነገሩ፤ የምልክት ዝርዝር መሸምደድ አይደለም።

ተሰሎንቄ ውስጥ የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ በጳውሎስ ስም በተጻፈ ደብዳቤ ጭምር ተነዝቶ ነበር። ጳውሎስ «ከአእምሮአችሁ ቶሎ እንዳትናወጡ» ብሎ ጻፈላቸው። በዚያው መልእክት ሥራ ፈትተው በሰው ጉዳይ የሚገቡትንም በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ኢየሱስም ማን ነው ታማኝና ልባም ባሪያ ብሎ ሲጠይቅ የሰጠው መልስ ቀኑን ያሰላውን አይደለም፤ ለቤተ ሰዎቹ ምግባቸውን በጊዜው የሚሰጠውን ነው። አሥሩ ቆነጃጅትም ቢሆኑ ሙሽራው ሲዘገይ ሁሉም ተኝተዋል፤ ልባሞቹ አምስቱም ጭምር። የለያቸው ዘይት መያዛቸው ነው። መትጋት ማለት እንቅልፍ ማጣት አይደለም።

ቅዱስ ያሬድ የዐቢይ ጾምን ሳምንታት በስም ለይቶ ሲዘምር፣ አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ነው። ስለ ዳግም ምጽአት የሚነበብበት። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ገብር ኄር፤ መክሊቱን ስለሠራበት ቸር አገልጋይ። ደብረ ዘይት ላይ ይመጣል ተብለህ ትደነግጣለህ፤ ሳምንት ስትመለስ ሥራህን ሥራ ትባላለህ። ይህን አቀማመጥ ሳስበው በጣም ደስ ይለኛል።

ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። ሚያዝያ 2007 ሊቢያ ውስጥ አይኤስ የገደላቸውን ወገኖቻችንን የረሳ የለም። ሥራ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ሰባኪ አልነበሩም፣ ስሌት አላወጡም። ሲመጣባቸው ግን የማን እንደሆኑ አልጠፋባቸውም። «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን» የሚለው ቃል ለሰምርኔስ ክርስቲያኖች የተጻፈው እንዲህ ዓይነት ነገር ፊታቸው ስለነበር ነው።

ቤቴ ውስጥ የተታለለ ሰው ካለስ?

አትሳቁበት። ከሳቃችሁበት የሚሄደው ወደማይስቁበት ሰዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ እየጠበቁት ነው። ጳውሎስ የተሳሳተውን «በየውሃት መንፈስ አቅኑት» ይላል። ስልኩን አትቁረጡ። ስለ ቀኑ ብቻ አትከራከሩ። «ማን ነገረሽ? ገንዘብ ጠይቆሻል? ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎሻል?» እያላችሁ በዝግታ ጠይቁ። ምግብ፣ መድኃኒት ወይም ልጅ ውስጥ የገባ ነገር ከሆነ ግን ዝግታ አይሠራም፤ ለሐኪምም ለሕግም ወዲያው መናገር ያስፈልጋል።

ያን ሌሊት ለአክስቴ ልጅ ማቴዎስ 24ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክ አነበብኩላት። ቁጥር 36 ላይ ስንደርስ «አንዴ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ ስለ እቁቡ ጠየቀችኝ፤ ክፈይ አልኳት።

ማክሰኞ መጥቶ ሄደ። እሑድ ስትደውል ስለ ቪዲዮው አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባት። በኅዳር ዕጣው ወጣላት። እናቷ አሁን ከዝናቡ በፊት ቆርቆሮውን ለማስመታት አናጢ እያነጋገረች ነው።